አልሳት ናኖ

አልሳት ናኖ (አልሳት-1ኤን) በእንግሊዝ አገር የሚገኘው የሰሪ ዩኒቨርሲቲ የሕዋ ማዕከል ከአልጄሪያ የሕዋ ኤጀንሲ ጋር በመተባበር የሠራት፣ በአማተር ሬዲዮ ሞገድ የምትገናኝ ትንሽ ሳተላይት ናት። መስከረም 16 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ በደመራ ዕለት፣ ከሕንድ ስሪሃሪኮታ በፒኤስኤልቪ-ሲ35 ሮኬት መጠቀች። ከዋና ተግባሮቿ አንዱ ተጠቅልሎ የሚጫንና ሕዋ ላይ የሚዘረጋ ዘንግ መሞከር ነበር።

አሠራር

ሳተላይቷ ባለሦስት ዩኒት ኩብሳት (ከኩብ ቅርጽ ክፍሎች የምትገጣጠም ትንሽ ሳተላይት) ናት፤ ወርዷና ቁመቷ 10 ሴንቲ ሜትር፣ ርዝመቷ 34 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። በንድፉና በግንባታው በሰሪ ይማሩ የነበሩ አልጄሪያውያን ተሳትፈዋል። የፕሮጀክቱ ሐሳብም ሙያውን ከተማሪዎቹ ጋር ወደ አልጄሪያ ማሻገር ስለነበር፣ ሥራዋ ይመራ የነበረው በአልጄሪያ ከምትገኘው ኦራን ከተማ ነው። ከዘንጉ ሌላ በኦፕን ዩኒቨርሲቲ የተዘጋጀ ካሜራና የስዋንሲ ዩኒቨርሲቲ ስስ የፀሐይ ሴል ተጭነውባታል።

ተዘርጊው ዘንግ

አስትሮቲዩብ የሚባለውን ዘንግ የሠራው ኦክስፎርድ ስፔስ ሲስተምስ ነው። ዘንጉ ከካርቦን ጭረት የተሠራ ቱቦ ሲሆን፣ ተጨፍልቆ እንደ አናጺ ሜትር ይጠቀለላል፤ ሞተሩ ሲገፋው ክብ ቅርጹን መልሶ ይይዝና እስከ 1.5 ሜትር ይወጣል። ወደ ውስጥ መመለስም ይችላል። ጫፉ ላይ ማግኔቶሜትርና የጨረር መለኪያ አሉ። ማግኔቶሜትሩ ከአካሏ እንዲርቅ የተደረገው የሳተላይቷ ሽቦዎችና የፀሐይ ሰሌዳዎች የራሳቸውን መግነጢሳዊ መስክ ስለሚፈጥሩና የምድርን መስክ ልኬት ስለሚያዛቡ ነው።

በዚያው ሮኬት የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲዋ ካንኤክስ-7 አብራ ሄዳለች። እሷ የሞከረችው፣ አንዲት ሳተላይት ሥራዋን ስትጨርስ በምሕዋሩ ባለው ስስ አየር ሰበቃ ፍጥነቷን አጥታ እንድትወርድ የሚያደርግ ተዘርጊ ሸራ ነው።

ሬዲዮና ደብረ ታቦር

አልሳት ናኖ የተመደበላት ሞገድ በ437 ሜጋኸርዝ አካባቢ ነው። ምሕዋሯ ከ700 ኪሎ ሜትር ትንሽ ዝቅ ብሎ በዋልታዎች አቅራቢያ ስለሚያልፍ፣ እንዲህ ያለች ሳተላይት በኢትዮጵያዋ ደብረ ታቦር ከተማ ሰማይም ታልፋለች። አንዱ ማለፊያ ቢረዝም 14 ደቂቃ ያህል ነው። ምልክቷን ማዳመጥ ለሚፈልግ ሰው የሚያስፈልገው በእጅ የሚያዝ ያጊ አንቴና፣ ኮምፒውተር ላይ የሚሰካ ተቀባይና ሶፍትዌር ነው። ሳተላይቷ ስትቀርብ የምልክቷ ድግግሞሽ እስከ 10 ኪሎኸርዝ ከፍ፣ ስትርቅ ያንኑ ያህል ዝቅ ስለሚል ተቀባዩን እያስተካከሉ መከታተል ግድ ነው። ከተማዋ በ2,700 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። በደቡብ ምሥራቅ ያለው፣ ከ4,100 ሜትር በላይ የሚዘልቀው የጉና ተራራ ከአድማሱ የሚጋርደው 3 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው፤ ይበልጥ የሚከልሉት ቅርብ ያሉት ኮረብቶች ናቸው።

በኢትዮጵያ

የኢትዮጵያ የመጀመሪያ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ-1 ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ታይዩዋን መጠቀች። 72 ኪሎ ግራም የምትመዝን የምድር ምልከታ ሳተላይት ስትሆን፣ መቆጣጠሪያዋ እንጦጦ ነበር። በአማተር ሬዲዮ በኩል በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አምስት ኪሎ ግቢ ያለው የክበብ ጣቢያ ኢቲ3ኤኤ በሚል የጥሪ ምልክት ይታወቃል። ሳተላይት ለሌለው ዩኒቨርሲቲ የማዳመጫ ጣቢያ ርካሹ መነሻ ነው፤ ምሕዋር ማስላትን፣ አንቴና መሥራትንና ከሳተላይት የሚመጣ መረጃ መፍታትን ተማሪው የሚለምደው እዚያ ነው።