ስደተኛ ሐኪሞችና ነርሶች በኢትዮጵያ እንዴት የሙያ ፈቃድ ያገኛሉ?

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም የተቀሰቀሰው ጦርነት በርካታ ሱዳናውያንን በገላባት በኩል ወደ መተማ ዮሐንስ አሻግሯል። ብዙዎቹ በምዕራብ ጎንደር ዞን በኩመርና በአውላላ መጠለያዎች ቆይተዋል። ድንበሩን ካቋረጡት መካከል በአገራቸው ሆስፒታሎች ሲያክሙ የነበሩ ሐኪሞችና ነርሶችም ይገኙበታል። እነዚህ ባለሙያዎች ዕውቀታቸውን ይዘው ቢመጡም፣ በኢትዮጵያ ምድር በሽተኛ ለማከም የአገሪቱን የሙያ ፈቃድ ማግኘት ይኖርባቸዋል።

ሕጉ ምን ይላል?

ኢትዮጵያ በ1962 ዓ.ም. የተቀበለችው የ1951 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ የስደተኞች ስምምነት፣ በአንቀጽ 19 የታወቀ ዲፕሎማ ያላቸው ስደተኞች በሙያቸው ስለሚሠሩበት ሁኔታ ይደነግጋል። የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ደግሞ በአንቀጽ 26 ለስደተኞች የመሥራት መብት ይሰጣል። የትምህርት ማስረጃው ሥልጣን ባለው አካል የተረጋገጠለት ስደተኛ፣ ለውጭ ዜጎች በተፈቀዱ መስኮች በሙያው ሊሠራ ይችላል። አዋጁ በሩን ይከፍታል እንጂ ከሙያ ፈቃድ ግዴታ ነጻ አያደርግም።

ሂደቱ በየትኞቹ ተቋማት ያልፋል?

የመጀመሪያው እርምጃ በስደተኞችና ተመላሾች አገልግሎት ተመዝግቦ የስደተኝነት መታወቂያ መያዝ ነው። ቀጥሎ በውጭ አገር የተገኘው የትምህርት ማስረጃ ለትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ቀርቦ የአቻ ግምት ይሠራለታል። ይህም ዲግሪው ወይም ዲፕሎማው በኢትዮጵያ ከየትኛው ደረጃ ጋር እንደሚስተካከል ማረጋገጥ ነው።

የጤና ባለሙያዎች ምዝገባና ፈቃድ የጤና ዘርፉ ተቆጣጣሪ አካላት ሥራ ሲሆን፣ በፌዴራል ደረጃ ኃላፊነቱ የጤና ሚኒስቴር ነው። ተቀጥሮ ለመሥራት የሚያስፈልገው የሥራ ፈቃድ ከሙያ ፈቃድ የተለየ ነው፤ አንዱ ሌላውን አይተካም።

ትልቁ እንቅፋት

ከሁሉ የሚከብደው የወረቀት ጉዳይ ነው። ከተኩስ የሸሸ ሰው ዲፕሎማውንና የምዝገባ ወረቀቱን አሟልቶ ላይዝ ይችላል። በሰላሙ ጊዜ ቢሆን ከዩኒቨርሲቲውና ከሱዳን ሕክምና ካውንስል ማረጋገጫ ማስላክ በተቻለ ነበር። ጦርነት ቢሮዎችን ሲዘጋና መዛግብትን ሲበትን ግን መልስ የሚሰጥ አካል ይጠፋል።

ይህ ችግር በሕግ አልተዘነጋም። የ1951ዱ ስምምነት በአንቀጽ 25፣ ስደተኛው የአገሩን ባለሥልጣናት እርዳታ ማግኘት ካልቻለ አስጠላዩ አገር እርዳታው የሚገኝበትን መንገድ እንዲያመቻች ያዛል። በ2007 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የጸደቀው የአፍሪካ የከፍተኛ ትምህርት ማስረጃዎች ዕውቅና ስምምነትም የስደተኞችንና የተፈናቃዮችን ጉዳይ አካትቷል። ወረቀት ሲጎድል ዕውቀትን በቃለ ምልልስና በፈተና መመዘን አንዱ መፍትሔ ነው።

የሌሎች አገሮች ልምድ

በብሪታንያ ስደተኛ ሐኪም በመጀመሪያ የእንግሊዝኛ ችሎታውን ያስመሰክራል፤ ከዚያም ፕላብ የተባለውን በሁለት ክፍል የሚሰጥ ፈተና ያልፋል። ለፈተናው የሚያዘጋጁና የሆስፒታል ልምምድ የሚያመቻቹ የድጋፍ ፕሮግራሞችም አሉ። ቱርክ ሌላ መንገድ መርጣለች። የአገሪቱ ጤና ሚኒስቴር ከዓለም የጤና ድርጅት ጋር በመሆን ሶርያውያን ሐኪሞችንና ነርሶችን በንድፈ ሐሳብና በተግባር አሠልጥኖ፣ የገዛ ወገኖቻቸውን በሚያክሙባቸው የስደተኞች ጤና ማዕከላት አሰማርቷል። ሙሉ ምዝገባ እስኪገኝ ሙያው እንዳይዝግ፣ በሽተኛውም በቋንቋው እንዲታከም ረድቷል።

ለቆላው ምን ይጠቅማል?

የመተማና የገዳሪፍ ቆላዎች በድንበር ቢለያዩም በሽታቸው አንድ ነው። ወባና ካላዛር በሁለቱም ወገን የታወቁ ናቸው። ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ከደጋ የሚወርዱ ሠራተኞች በብዛት የሚጠቁት በእነዚሁ ሕመሞች ነው። በገዳሪፍ ካላዛርን ሲያክም የኖረ ባለሙያ፣ ይህንኑ በሽታ ለሚያክሙ የመተማ ባልደረቦቹ የቅርብ አጋዥ ሊሆን ይችላል።

ቋንቋም ራሱ መድኃኒት የሚሆንበት ጊዜ አለ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በኩመር መጠለያ ኮሌራ ተከስቶ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ ሕመሙ መቼ እንደጀመረ፣ ውኃው ከየት እንደተቀዳ በዐረብኛ ጠይቆ የሚረዳ ባለሙያ ሕይወት ያተርፋል።

ጥንቃቄ

ሂደቱ ቢረዝምም አቋራጭ መንገድ የለውም። ያለፈቃድ ማከም በሽተኛውን ለአደጋ፣ ባለሙያውንም ለሕግ ተጠያቂነት ይዳርጋል። ነዋሪዎችም በጓዳ ከሚሰጥ መርፌና መድኃኒት ሊጠበቁ ይገባል፤ ሰጪው የቱንም ያህል የተማረ ቢሆን ከተቆጣጣሪ ዐይን ውጭ ነው። ፈቃድ በመጠባበቅ ላይ ያለ ባለሙያ ግን በአስተርጓሚነትና በጤና ትምህርት ሊያገለግል ይችላል፤ ይህም የሕክምናን ውሳኔ ፈቃድ ላለው ባለሙያ በመተው ነው።

ለስደተኛ ባለሙያዎች የመጀመሪያው ምክር ያላቸውን ማስረጃ ሁሉ፣ ፎቶግራፍም ቢሆን፣ በጥንቃቄ መያዝና ሙያቸውን በስደተኝነት ሲመዘገቡ በግልጽ ማስመዝገብ ነው። በመዝገብ ላይ ያልሰፈረን ሐኪም ፈልጎ የሚያገኘው የለምና።