የታዳጊ ወጣቶች መንጃ ፈቃድ በሜሪላንድ፦ ወላጆች ማወቅ ያለባቸው

በአሜሪካ በአሥራዎቹ ዕድሜ ላይ ያሉ ወጣቶችን ለሞት ከሚዳርጉ ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ የመኪና አደጋ ነው። እኩል ርቀት ቢነዱ እንኳ፣ ከ16 እስከ 19 ዓመት ያሉ አሽከርካሪዎች ለሞት በሚያበቃ አደጋ ውስጥ የመግባት ዕድላቸው 20 ዓመት ከሞላቸው አሽከርካሪዎች ሦስት እጥፍ ገደማ ነው። በዚህም የተነሳ ክፍለ ግዛቶች ለታዳጊዎች ፈቃዱን የሚሰጡት ደረጃ በደረጃ ነው።

ሕጉ ከአንዱ ክፍለ ግዛት ወደ ሌላው ይለያያል። ይህ ጽሑፍ በርካታ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች የሚኖሩበትን የሜሪላንድን አሠራር ይገልጻል።

የመጀመሪያው ደረጃ፦ የልምምድ ፈቃድ

ልጅዎ 15 ዓመት ከ9 ወር ሲሞላው ለልምምድ ፈቃድ ማመልከት ይችላል። የሚያስፈልጉት፦

• ማንነቱንና አድራሻውን የሚያረጋግጡ ሰነዶች
• ዕድሜው ከ18 በታች ስለሆነ የወላጅ ወይም የአሳዳጊ ፊርማ
• ከ16 ዓመት በታች ከሆነ ትምህርት ቤት እንደሚከታተል የሚያሳይ ማስረጃ
• የዓይን ምርመራ
• የጽሑፍ ፈተና

ዓይኑ መነጽር የሚያስፈልገው መሆኑ የሚታወቀው አንዳንዴ ገና በዚህ ምርመራ ነው። ልጅዎ የክፍል ሰሌዳ ለማየት ዓይኑን የሚያጨፈግግ ከሆነ ቀጠሮውን ሳይጠብቁ የዓይን ሐኪም ያሳዩት።

ሁለተኛው ደረጃ፦ ልምምድ

ልጅዎ የልምምድ ፈቃዱን ቢያንስ ለ9 ወር መያዝ አለበት። በዚህ ጊዜ የትራፊክ ጥፋት ፈጽሞ ከተቀጣ ዘጠኙ ወር እንደገና ይቆጠራል። በመንጃ ትምህርት ቤት 30 ሰዓት በክፍል ይማራል፤ 6 ሰዓት ደግሞ ከአስተማሪ ጋር ይነዳል። ከዚህ በተጨማሪ ከቤተሰብ ወይም ከሌላ አዋቂ ጋር 60 ሰዓት መለማመድ አለበት፤ ከዚህ ውስጥ 10 ሰዓቱ በሌሊት ነው።

አጠገቡ የሚቀመጠው ሰው ዕድሜው ቢያንስ 21 ዓመት፣ መንጃ ፈቃድ ካገኘም ቢያንስ 3 ዓመት የሆነው መሆን አለበት። እርስዎ ወደ አገሩ በቅርቡ ከመጡ ይህን የሚያሟላ ዘመድ ወይም ወዳጅ ይጠይቁ።

ሰዓቶቹን መዝግቦ የሚፈርመው ቤተሰብ ነው። በፈረቃ ለሚሠራ ወላጅ 60 ሰዓት ማግኘት ከባድ ነው፤ ሳይነዳ እንደነዳ አድርጎ መፈረም ግን ልጁን ያለ መከላከያ ወደ መንገድ መላክ ነው። አዲስ አሽከርካሪ አደጋውን ቀድሞ ማየት የሚለምደው በመደጋገም ብቻ ነው። ሳምንቱን ካከፋፈሉት በ9 ወር ውስጥ በሳምንት ሁለት ሰዓት ያህል ይበቃል። ገበያ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ ወይም ዘመድ ቤት ሲሄዱ መሪውን ለእሱ ይስጡት። ባዶ የመኪና ማቆሚያ ላይ ይጀምሩ፤ ከዚያ ወደ ሰፈር መንገድ፣ በመጨረሻም ወደ ሀይዌይ፣ ዝናብና ጨለማ ይሂዱ።

ሦስተኛው ደረጃ፦ ጊዜያዊ መንጃ ፈቃድ

ልጅዎ 16 ዓመት ከ6 ወር ሲሞላውና የመንዳት ፈተናውን ሲያልፍ ጊዜያዊ ፈቃድ ያገኛል። ሙሉ ፈቃድ የሚሰጠው ይህን ቢያንስ ለ18 ወር ከያዘ በኋላ ነው። 18 ዓመት እስኪሞላው እነዚህ ገደቦች አሉ፦

• ከሌሊቱ 6 እስከ 11 ሰዓት (በአሜሪካ አቆጣጠር ከ12 እስከ 5) ብቻውን አይነዳም። ለሥራ፣ ለትምህርት ቤት ፕሮግራምና ለስፖርት የተፈቀዱ ሁኔታዎች አሉ።
• በመጀመሪያዎቹ 151 ቀናት ከቤተሰቡ ውጪ ከ18 ዓመት በታች የሆነ ሰው አይጭንም።
• እየነዳ ስልክ አይጠቀምም።

ጓደኛ ማጓጓዝን መከልከል ጥብቅነት ሊመስል ይችላል። ሆኖም እኩያ ተሳፋሪ በበዛ ቁጥር የታዳጊ አሽከርካሪ አደጋ ይጨምራል። ልጅዎ «ጓደኞቼ ጠየቁኝ» ብሎ እንዳይቸገር «ቤተሰቤ አይፈቅድም» ብሎ ምክንያቱን በእርስዎ ላይ እንዲያደርግ ይንገሩት።

የጤና ሁኔታ

የሚጥል በሽታ፣ ኢንሱሊን የሚያስፈልገው የስኳር በሽታ፣ የልብ ምት መዛባት፣ የእንቅልፍ ችግር ወይም አንዳንድ የአእምሮ ሕመሞች ካሉ ለሞተር ተሽከርካሪ አስተዳደር ማሳወቅ ግዴታ ነው። ማሳወቅ ማለት መከልከል አይደለም፤ ሕመማቸው በሕክምና የተስተካከለላቸው ብዙዎች ይነዳሉ። ሕመምን ከሰው መደበቅ የለመድን ቤተሰቦች ብንሆንም፣ በመሪ ላይ ራስን መሳት ልጁንም ሌላውንም ይገድላል።

ታዳጊ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት አለበት። እንቅልፍ ካጣ ወይም እንቅልፍ የሚያመጣ የአለርጂና የጉንፋን መድኃኒት ከወሰደ አይንዳ።

ሐኪም ማማከር ያለብዎት መቼ ነው?

ከማመልከትዎ በፊት ልጅዎ፦

• ድንገት ራሱን ስቶ ወይም ተንቀጥቅጦ ከሆነ
• የስኳሩ መጠን በተደጋጋሚ የሚወርድ ከሆነ
• ቀን ላይ ሳያስበው እንቅልፍ የሚወስደው ከሆነ
• አዲስ መድኃኒት ከጀመረ

ወደ ሐኪሙ ይውሰዱት። ሐኪሙ ከልጅዎ ጋር ብቻውን እንዲነጋገር ጊዜ ይስጧቸው፤ ለወላጅ ያልተነገረ ነገር ብዙ ጊዜ የሚወጣው በዚያ ነው።