ለጨዋታ ሲባል ኮምፒዩተርን ስለ ማሻሻል

የሰው ልጅ መሣሪያውን የሚያሻሽለው ለሥራ ብቻ አይደለም፤ ለጨዋታም ነው። እረኛ ገበጣ መጫወት ሲያምረው በመሬት ላይ ጉድጓድ ቈፍሮ ጠጠር ይሰበስባል፤ ጨዋታው የጣመው ሰው ግን ውሎ ሲያድር ገበጣውን ከእንጨት ያስጠርባል። እኛ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎች ዛሬ ለአንባብያን የምናቀርበው ታሪክም ከዚህ የራቀ አይደለም። ልዩነቱ የእኛ ገበጣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ መሆኑና ለማስጠረብ ብዙ ገንዘብ መጠየቁ ነው።

መተማ ሲነሣ ሰው ሁሉ የሚያስበው ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከመሐዲስቶች ጋር ሲዋጉ የወደቁበትን ጦርነት ነው፤ ተገቢም ነው። ነገር ግን ስለዚያ ጦርነት ከእኛ የተሻሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ ስለ ጻፉ፥ በዚህ የበዓል መጽሔት ስለ ሌላ ነገር ብንጽፍ መምህራኖቻችን ይቅር እንደሚሉን ተስፋ እናደርጋለን።

ነገሩ የተጀመረው በክርክር ነው። ከመካከላችን የአንዱ ታላቅ ወንድም ከጎንደር አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ገዝቶ አመጣ። ይህ ኮምፒዩተር በውጭ አገር መሥሪያ ቤት ጥቂት ዓመታት ካገለገለ በኋላ ከተሸጡት ወገን ሲሆን፥ ሣጥኑ ቀጭን ነው። የኳስ ጨዋታ ሲከፈትበት ሥዕሉ እንደ ደከመች በቅሎ ቆም እያለ ይሄዳል፤ ኳሷ ከአንዱ ተጫዋች እግር ተነሥታ በመንገድ ሳትታይ ከሌላው እግር ሥር ትገኛለች። እኛም እናሻሽለው አልን። የልጁ አባት ግን፥ «ኮምፒዩተሩ የተገዛው ለትምህርት ነው፤ ለጨዋታ ብዬ አንድ ኪሎ ሰሊጥ አልሸጥም» አሉ። አልተቀየምናቸውም፤ ሰሊጡ በምን ዐይነት ድካም እንደሚገኝ እናውቃለንና። ስለዚህ ትምህርት በሌለበት ቀን በሰሊጥ አጨዳ ሠርተን ያገኘነውን አዋጣን። ገንዘቡ ጥቂት ስለ ነበረም፥ ምን መጀመሪያ ምን ኋላ ይገዛ የሚለውን ለመወሰን ታሪኩን ማጥናት ግድ ሆነብን።

የኮምፒዩተር ጨዋታ ሲጀመር ማሻሻል የሚባል ነገር በተራ ሰው እጅ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1962 በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የነበሩ ወጣቶች «ስፔስዋር» የተባለውን የጠፈር መርከቦች ውጊያ የሠሩበት መኪና ፒዲፒ 1 ይባል ነበር፤ ዋጋውም 120 ሺሕ ዶላር ያህል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1971 ኢንቴል የተባለው ኩባንያ 2,300 ትራንዚስተሮችን በአንዲት ትንሽ ገጽ ላይ አድርጎ 4004 የተባለውን ፕሮሰሰር ካወጣ በኋላ ግን የኮምፒዩተር አንጎል ከጣት ጥፍር ያነሰ ሆነ። ከዚህ ሁሉ ለእኛ ጕዳይ ትልቁ ነገር የተደረገው እ.ኤ.አ. በ1981 ነው። በዚያ ዓመት አይቢኤም ያወጣው የግል ኮምፒዩተር፥ ክዳኑ ሲከፈት ተጨማሪ ካርድ የሚሰካባቸው አምስት ቦታዎች ነበሩት። ኩባንያው የአሠራሩን ዝርዝር በመጽሐፍ አሳትሞ ስላወጣም ሌሎች ፋብሪካዎች የሚስማማ ካርድ እየሠሩ ይሸጡ ጀመር።

ይህ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደ ሆነ ለመረዳት በየከተማው ያለውን የፕሌይስቴሽን ቤት ማሰብ ይበቃል። በዚያ ልጆች በጨዋታ እየከፈሉ ኳስ ይጫወታሉ። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው ሁለተኛው ፕሌይስቴሽን እንደ ተፈጠረ ይኖራል፤ የበለጠ ኀይል የሚጠይቅ ጨዋታ ሲመጣ ሣጥኑ በሌላ ይተካል እንጂ አንጎሉ አይለወጥም። ኮምፒዩተር ግን እንደ ጎጆ ነው፤ ምሰሶው ሳይነቀል ክዳኑ ይታደሳል።

እ.ኤ.አ. በ1993 መጨረሻ «ዱም» የተባለው ጨዋታ በወጣ ጊዜ 4 ሜጋባይት ራም ይጠይቅ ስለ ነበረ፥ ለደብዳቤ መጻፊያ ከዚያ ያነሰ ይበቃው የነበረ ብዙ ሰው ለጨዋታው ሲል ራም ጨመረ። እ.ኤ.አ. በ1996 ስሪ ዲ ኤፍ ኤክስ የተባለው ኩባንያ ባለ ሦስት ገጽታ ሥዕል ከመሣል በቀር ሌላ ሥራ የሌለውን «ቩዱ» የተባለ ካርድ አወጣ። እ.ኤ.አ. በ1999 ደግሞ የኤንቪዲያው «ጂፎርስ 256» እስከዚያ ድረስ በፕሮሰሰሩ ላይ ተጭኖ ከነበረው የሥዕል ሒሳብ ብዙውን ተረከበ። እንዲህ እያለ የጨዋታ ኮምፒዩተር ሁለት አንጎል ያለው ሆነ።

በአገራችን በዚያን ዘመን ኮምፒዩተር የነካ ተማሪ ከስንት አንድ ነበር። በ1997 ዓ.ም. በሳተላይት የሚተላለፈው የፕላዝማ ትምህርት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲጀመር፥ ብዙ ታላላቆቻችን በክፍል ውስጥ ያዩት የመጀመሪያው ኤሌክትሮኒክ መምህር እርሱ ነበር። ሲፈጥን ቆይ አይባልም፥ ሲጠየቅም አይመልስም ነበር ይላሉ። ከፍቶ ውስጡን እንዲያይ የተፈቀደለት ተማሪ ስለ መኖሩ ግን አልሰማንም።

አሁን ወደ ሙቀት እንምጣ፤ የታሪኩ ቍልፍ ያለው እዚህ ነውና። ፕሮሰሰር በሰከንድ የሚመታው ምት እየጨመረ በሄደ ቍጥር ሥራው ይፈጥናል። ነገር ግን የሚበላው ኀይል ከምቱ ጋር ይጨምራል፤ ከቮልቱ ጋር ደግሞ በካሬ ይጨምራል፤ የሚበላው ኀይል ሁሉ መጨረሻው ሙቀት ነው። ኢንቴል ፔንቲየም 4 የተባለውን ፕሮሰሰር ወደ 4 ጊጋኸርዝ ለማድረስ አስቦ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2004 ግን ሐሳቡን ተወው። ኀይልና ሙቀት መንገዱን ዘጉት። ከዚያ ወዲህ ፋብሪካዎቹ አንዱን አንጎል እጅግ ከማሮጥ ይልቅ ሁለትም አራትም አንጎሎችን አብረው ማሠራትን መረጡ።

እንግዲህ ያን የመሰለ ትልቅ ፋብሪካ ያሸነፈ ሙቀት በመተማ ምን ያደርግ? ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ800 ሜትር ያነሰ ከፍታ ላይ ያለች ስለ ሆነች፥ በመጋቢትና በሚያዝያ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። በውጭ አገር ስለ ማሻሻል የሚጽፉ ሰዎች ግን ክፍሉ 20 ዲግሪ ያህል መሆኑን ሳይናገሩ በልባቸው ይይዛሉ። ጎንደር ላይ ይህ ሊሠራ ይችላል። እኛ ዘንድ ግን ያው ፕሮሰሰር በያው ማራገቢያ ያንኑ ሥራ ሲሠራ፥ ክፍሉ በ20 ዲግሪ ስለሚበልጥ እርሱም በ20 ዲግሪ ያህል ይበልጥ ይሞቃል። በጎንደር 75 የሚሆነው እዚህ 95 ይሆናል ማለት ነው። ብዙ ፕሮሰሰሮች ደግሞ 100 ዲግሪ አካባቢ ሲደርሱ እንዳይቃጠሉ ራሳቸው ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ። ስለዚህ በቈላ ሣጥኑን ሳያቀዘቅዙ ትልቅ ካርድ መግዛት ገንዘብ ከፍሎ ሙቀት መግዛት ነው።

ይህን ከመጽሐፍ ብቻ አላገኘነውም። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ከተነሣ በኋላ በገላባት በኩል ወደ መተማ ከተሻገሩት ብዙ ሰዎች መካከል በካርቱም ኮምፒዩተር ይጠግን የነበረ አንድ ወጣት ነበረ። የካርቱም ሙቀት ከእኛ ይብሳል እንጂ አያንስም። ኮምፒዩተሩን ስናሳየው ምን ካርድ እንግዛ ብለን ጠየቅነው፤ እርሱ ግን መልስ ሳይሰጥ ክዳኑን ፈታ። በማራገቢያው ክንፎች መካከል ያለው አቧራ እንደ ጥጥ ተፈትሎ ነበር። በብሩሽና በብስክሌት ፓምፕ አጸዳነው፤ ማራገቢያው በነፋሱ ያለ ልክ እንዳይሽከረከርና እንዳይበላሽም በጣት እንድንይዘው አሳየን። ቀጥሎ በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው ብረት መካከል የሚቀባው ተርማል ፔስት የተባለ ቅባት እንደ ደረቀ ጭቃ መሰነጣጠቁን አየንና ጠርገን አዲስ ቀባን። ከዚህ በፊት ኳስ ስንጫወት 96 ዲግሪ ይደርስ የነበረው 81 ላይ ቆመ። ወጣቱ እየሳቀ በአገሩ ልማድ «ያ ባሽ ሙሐንዲስ» ብሎ ጠራን፤ መሐንዲሶች ማለቱ ነው። ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ጕዞውን ቀጠለ፤ አሁን የት እንዳለ አናውቅም።

ሁለተኛው ማሻሻያ ራም ነበር። ይህ ኮምፒዩተር የተለየ የግራፊክስ ካርድ ስለሌለው ሥዕሉን የሚሥለው ከዋናው ራም እየተበደረ ነው። የነበረው ባለ 4 ጊጋባይት አንድ ራም ነበረ፤ እኛ ሌላ የእርሱን መሰል ጨመርንበት። ሁለት ሲሆኑ መጠኑ ብቻ ሳይሆን መንገዱም ይሰፋል፤ አንድ በር የነበረው ቤት ሁለተኛ በር እንደ ተከፈተለት ነው። በሰከንድ 22 ሥዕል ያህል ይታይ የነበረው ወደ 35 ወጣ። አሮጌውንም ሃርድ ዲስክ በኤስኤስዲ ለወጥነው፤ በዚህ የሥዕሉ ቍጥር አልጨመረም፥ ጨዋታው እስኪከፈት መጠበቁ ግን ቀረልን። ሁለቱም ዕቃዎች የሚያወጡት ሙቀት ጥቂት ስለ ሆነ ለቈላ አገር እነዚህን የሚያህል የለም ብለን እናምናለን።

ሦስተኛው እርምጃችን ስሕተት ነበር፤ ሳንሸሽግ እንናገራለን። ለወደፊቱ ካርድ ይረዳል ብለን ከአንድ ሱቅ ፓወር ሰፕላይ ገዛን። በላዩ 500 ዋት ተብሎ ተጽፏል፤ በእጅ ሲያነሡት ግን እንደ ባዶ ቆርቆሮ ይቀላል። በቀጭኑ ሣጥን ውስጥ ስላልገባ በውጭ አስቀምጠን በሽቦ አገናኘነው። ወደ ሱዳን የተዘረጋው የ230 ኪሎ ቮልት መስመር በአካባቢያችን ቢያልፍም፥ በቤታችን 220 ቮልት መሆን የሚገባው መብራት ከፍ ዝቅ ይላል። አንድ ማታ መብራት ሄዶ ሲመለስ ፓወር ሰፕላዩ ጧ ብሎ ጨሰ። ደግነቱ ሌላው ዕቃ ተረፈ። የአሥራ አንድ ቀን የአጨዳ ገንዘብ ግን በአንድ ሰከንድ ሄደ። ያን ዕለት አባትየው ምንም አልተናገሩም፤ ቢናገሩ ይሻለን ነበር። በማግሥቱ የቀድሞውን መልሰን በስታብላይዘር አሠራነው።

ስለ ግራፊክስ ካርድ ያጠናነው ይህ ነው። ካርዱ የሚሰካበት ቦታ ራሱ እስከ 75 ዋት ይሰጣል፤ ስለዚህ ከዚያ የማያልፍ ካርድ ፓወር ሰፕላይ ሳያስለውጥ ሊሠራ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ጂቲኤክስ 1050 ቲአይና በ2019 የወጣው ጂቲኤክስ 1650 ከዚህ ወገን ናቸው፤ ለቀጭን ሣጥን የሚሆን አጭር ዐይነትም አላቸው። ዋጋው ግን ከእኛ እጅ ውጭ በሆነ ነገር ይወጣል ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ2020 እና በ2021 ኢቴሪየም የተባለውን የዲጂታል ገንዘብ የሚያመርቱ ሰዎች ካርዶቹን እየገዙ በዓለም አስወደዱት፤ በመስከረም 2022 የአሠራሩ መንገድ ሲለወጥ ካርዶቻቸውን ይሸጡ ጀመር። እኛ በርካሽ ልናገኝ ነው ስንል፥ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገና 57 ብር ያህል የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። ካርዱም ከፊታችን ሸሸ።

ስለዚህ ገንዘብ የማይጠይቀውን ማሻሻያ ያዝን። ሙሉ ሥዕል ወርዱ 1,920 ቁመቱ 1,080 ነጥብ ሲሆን በጠቅላላው 2,073,600 ነጥብ ይሆናል፤ በ1,280 እና በ720 ሲሆን ግን 921,600 ብቻ ነው። ሥራው ከግማሽ በታች ወረደ ማለት ነው። ሣሩ ጥቂት ደብዘዝ ቢልም በሰከንድ 50 ሥዕል ደረስን፤ ኳሷም ከእግር ወደ እግር ስትሄድ በመንገዷ ሁሉ ታየች።

አንድ ማታ አባትየው ከኋላችን ቆመው ሲያዩ፥ ካርድ ምን ያደርጋል ሲሉ እንደ ገና ጠየቁን። እኛም በካናዳ በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ አሌክስ ክሪዠቭስኪ የተባለ ተማሪ እ.ኤ.አ. በ2012 ሥዕልን ለይቶ የሚያውቅ ፕሮግራም ያስተማረው በሁለት የጨዋታ ካርዶች፥ በጂቲኤክስ 580፥ መሆኑን ነገርናቸው። ዛሬ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለው ሥራ በእነዚህ ካርዶች ዘመዶች ላይ የሚካሄድ መሆኑንም ጨመርን። እርሳቸው ጥቂት ዝም ብለው፥ «ያ ልጅ ካርዱን የገዛው ለጨዋታ ነው ወይስ ለትምህርት?» አሉ። አናውቅም አልናቸው። «እንግዲያው እርሱን አጣሩና ንገሩኝ» ብለው ወጡ።

ካርዱ እስካሁን አልተገዛም። ኮምፒዩተሩ ከመስኮት አጠገብ፥ ክዳኑ በግማሽ ተከፍቶ ይሠራል፤ ዝንብ እንዳይገባበትም የልጁ እናት ነጠላ ወንፊት ሰፍተውለታል። አባትየው ደግሞ ባለፈው ሳምንት፥ «የዘንድሮው ሰሊጥ እንደ ምንም ከሆነ እናያለን» ብለዋል።