ፈዋሽነት የሚፈተሸው ወባው ባለበት ነው፦ የኮአርተም ክትትል በጋምቤላ

አንድ የወባ መድኃኒት ትናንት አድኗልና ዛሬም ያድናል ማለት አይቻልም። ኢትዮጵያ ይህን ሁለት ጊዜ አይታዋለች። ክሎሮኪን ፕላዝሞዲየም ፋልሲፓረም የሚያመጣውን ወባ ማዳን ሲሳነው በፋንሲዳር ተተካ፤ ፋንሲዳርም ጥቂት ዓመታት ብቻ አገልግሎ እ.ኤ.አ. በ2004 ቦታውን ኮአርተም ለሚባለው የአርቴሜተርና የሉሜፋንትሪን ጥምር ለቀቀ። የኮአርተምን ዕጣ አስቀድሞ ለማወቅ እንደ ጋምቤላ ባሉ ጠረፋማ አካባቢዎች ፈዋሽነቱ እዚያው መፈተሽ አለበት። ፍተሻው የሚታመነው ደግሞ ታካሚዎቹ እስከ መጨረሻው ቀን ከተገኙ ብቻ ነው።

በዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ መሠረት ኮአርተም የወሰደ ታካሚ ለ28 ቀናት ክትትል ይደረግለታል፤ በ3ኛው፣ በ7ኛው፣ በ14ኛው፣ በ21ኛውና በ28ኛው ቀን ደሙ በማይክሮስኮፕ ይታያል። በ3 ቀናት የሚሰጡትን 6 መጠኖች በባለሙያ ፊት መውሰዱ ዋና ነገር ነው፤ አለዚያ የመድኃኒቱ ድክመትና ያልተዋጠ ክኒን አይለዩም። ሕክምናው ያልሠራላቸው ታካሚዎች ከ10 በመቶ ካለፉ መድኃኒቱን የመቀየር ጥያቄ ይነሣል። ትንኝ በሚበዛበት በባሮ ወንዝ ዳር ግን አንድ ሰው ከዳነ በኋላ በወሩ ውስጥ እንደገና ሊያዝ ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያውንና የኋለኛውን ተውሳክ ዘረመል ሳያነጻጽሩ የሚወጣ አኃዝ መድኃኒቱን ባልሠራው ጥፋት ሊወነጅለው ይችላል።

በሌላ አካባቢ የተገኘ ውጤት ለጋምቤላ አይበቃም ወይ የሚል ጥያቄ ይነሣል። አይበቃም። ወባ በማይለቅበት ቆላ ያደጉ አዋቂዎች ከፊል የመከላከል አቅም ስለሚያዳብሩ፣ የደከመ መድኃኒት እንኳ በእነሱ ላይ የሠራ ይመስላል። ይህ አቅም በሌላቸው ሕፃናት ላይ ግን ድክመቱ ይገለጣል፤ ስርጭቱ ከፍተኛ በሆነበት ስፍራ ጥናቱ ከ5 ዓመት በታች ባሉት ላይ እንዲያተኩር የሚመከረውም ለዚህ ነው። ስርጭቱ ዝቅተኛ ከሆነበት ወረዳ የመጣ አማካይ ይህን ልዩነት ይደብቀዋል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ክብደት አለው፦ የተውሳኩን የዘረመል ለውጥ በላብራቶሪ ማየት ከተቻለ የ28 ቀን ድካም ለምን? የላብራቶሪው ማስጠንቀቂያ በእርግጥ ብርቱ ነው። አርቴሜተር ከሚመደብበት የመድኃኒት ቤተሰብ፣ ማለትም አርቴሚሲኒንን በከፊል ከመቋቋም ጋር የተያያዘው አር622አይ የተባለ ለውጥ በሰሜን ኢትዮጵያ ተገኝቷል፤ በኤርትራም እ.ኤ.አ. በ2016 ከነበረበት 8.6 በመቶ በ2019 ወደ 21 በመቶ አድጓል። ሆኖም ለውጡ የሚናገረው ስለ ጥምሩ አንድ ወገን ነው። አርቴሚሲኒኑ ተውሳኩን ለማጥፋት ቢዘገይም ሉሜፋንትሪኑ ሥራውን ሊጨርስ ይችላል፤ ታካሚው መዳኑን የሚያረጋግጠው ግን የታካሚው ክትትል ብቻ ነው። የላብራቶሪው ምልክት የት መፈተሽ እንዳለበት ይጠቁማል እንጂ ፍተሻውን አይተካም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ወጪና የታካሚዎች መጥፋት ነው። የሚፈለጉት ታካሚዎች ግን ብዙ አይደሉም፤ ሕክምናው የማይሠራላቸው 5 በመቶ ይሆናሉ ተብሎ ሲገመት፣ ለሚጠፉት የሚጨመረውን ጨምሮ 88 ሰዎች ይበቃሉ። የመጥፋቱ አደጋ ግን እውነተኛ ነው። ለምሳሌ ከ88ቱ 28 ቢጠፉና ከቀሩት 60 ውስጥ በ3ቱ ላይ መድኃኒቱ ባይሠራ፣ ውጤቱ 5 በመቶ ይሆንና የሚያሰጋ አይመስልም። ከጠፉት መካከል 7ቱ ያልዳኑ ከነበሩ ግን እውነተኛው አኃዝ ከ11 በመቶ ያልፋል፤ ለውጥ የሚያስፈልገው መድኃኒትም ፈዋሽ ተብሎ ይቀጥላል። ይህ ጥናቱን ለመተው ሳይሆን ለክትትሉ በቂ በጀት ለመያዝ የሚያበቃ ምክንያት ነው። የመጓጓዣ ክፍያ፣ ቤት ለቤት የሚሄዱ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ ከቤተሰቡ ጋር በአኝዋክኛ ወይም በኑዌርኛ የሚግባቡ ባለሙያዎች የጥናቱ ጌጥ ሳይሆኑ መሣሪያዎቹ ናቸው። የምርምር ተቋማትና ገንዘብ ሰጪዎች ይህን ወጪ ከላብራቶሪው ወጪ እኩል ሊመድቡለት፣ ተመራማሪዎችም ስንት ታካሚ እንደጠፋባቸው ከፈዋሽነቱ አኃዝ ጎን በግልጽ ሊያሳውቁ ይገባል።