ኩሽኔታ፦ የጉለሌ ቁልቁለትና የልጆች መኪና

ከእንጦጦ ማርያም ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወርደውን አስፋልት በእግሩ የወረደ ሰው ቁልቁለቱን በጉልበቱ ያውቀዋል። ሽቅብ የሚወጣው የጭነት መኪና በአንደኛ ማርሽ ያቃስታል፤ ቁልቁል የምትመጣው እንጨት ተሸካሚ ወገቧን ጎንበስ አድርጋ ዳር ዳሩን ትይዛለች። ለጉለሌ ልጅ ግን ይህ ዳገት ነዳጅ የማይጠጣ ሞተር ነበር። የጎደለው አንድ ጣውላ፣ ጥቂት ምስማርና ከጋራዥ የተጣለ ሦስት ወይም አራት ኩሽኔታ ብቻ ነው።

ኩሽኔታ ለመካኒክ፣ በሁለት የብረት ቀለበቶች መካከል ትናንሽ የብረት ኳሶች የታጨቁበት፣ ጎማ ሳይፋተግ እንዲዞር የሚያደርግ ዕቃ ነው። ለሰፈር ልጅ ግን ኩሽኔታ ማለት መኪናው ራሱ ነው። ከጣውላው ኋላ አንድ አግዳሚ እንጨት ይመታል፤ ጫፍና ጫፉ ላይ ኩሽኔታዎቹ ይሰካሉ። የፊተኛው አግዳሚ በአንድ ቡሎን ብቻ ስለሚያያዝ ግራና ቀኝ ይላል፤ በእግር እየተገፋ ወይም በገመድ እየተጎተተ መሪ ይሆናል። ፍሬኑ የጫማ ተረከዝ ነው። ከአሮጌ ጎማ የሚሠራው በረባሶ እዚህ ላይ ከቆዳ ጫማ ይሻላል። ድምፁስ? ብረት አስፋልት ሲፍቅ የሚያወጣው እሪታ መኪናውን ከመታየቱ በፊት ያሳውቃል፤ እናቶች የሚጠሉትም ሾፌሮች የሚረግሙትም ለዚሁ ነው።

ይህች መኪና ጭቃ ላይ አትሄድም። ኮብልስቶን ላይም ጥርስ ታራግፋለች እንጂ አትንከባለልም። ስለዚህ የኩሽኔታ ታሪክ የአስፋልት ታሪክ ተከታይ ነው፤ መጀመሪያ መንገዱ፣ ቀጥሎ መኪናው፣ ከዚያ ጋራዡ፣ በመጨረሻም ጋራዡ የሚጥለው ብረት መምጣት ነበረበት።

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1879 ዓ.ም. ከተማው ከእንጦጦ ወርዶ አዲስ አበባ ሲቆረቆር ከእነዚህ አንዱም አልነበረም። ከአውቶሞቢል ቀደም ብሎ የመጣው የአርመናዊው ነጋዴ የሰርኪስ ቴርዚያን የእንፋሎት ሞተር ሲሆን፣ ሕዝቡ «ባቡረ ሰርኪስ» አለው። በ1900 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ቤድ ቤንትሌይ ከጅቡቲ ተነስቶ በረሃውን አቋርጦ የመጀመሪያውን አውቶሞቢል አዲስ አበባ አስገባ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ተሳፈሩበት። መኪና ግን ገና የቤተ መንግሥትና የጥቂት ባለጠጎች ነበር። የተሰበረውን የሚጠግን እንጂ የተጣለውን የሚለቅም ሰው የሚፈጠርበት ዘመን አልደረሰም።

ያንን ያመጣው የአምስቱ ዓመት ወረራ ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ጣሊያን ለጦሩ መንገድ ሠራ፤ በመንገዱም ላይ የጭነት መኪናዎቹን ነዳ። ጦሩ ሲሸነፍ ብረቱና ቃላቱ እዚሁ ቀሩ። ዛሬም የአዲስ አበባ መካኒክ በካቻቢቴ ይፈታል፣ በፒንሳ ይይዛል፣ ቡሎን ያጠብቃል፣ ላሜራ ይቀጠቅጣል፣ ባሌስትራ ያስተካክላል፣ ካንዴላ ይቀይራል፤ ሁሉም ከጣሊያንኛ የተወረሱ ናቸው። ኩሽኔታም እንደዚያው። አማርኛ ጠላቱን ካባረረ በኋላ መፍቻውን አልመለሰለትም ማለት ይቻላል።

ከነፃነት በኋላ በመጡት ዓመታት ደግሞ የጣሊያኑ ፊያት ነገሠ፤ ሰው «ኤንትሬ» እያለ የሚጠራው ጭነት መኪና። ዳገት ላይ ሲቆም ረዳቱ ዘሎ ይወርድና ከኋላ ጎማው ሥር ታኮ ያስገባል። ታኮም የጣሊያን ቃል ነው፤ ለጫማ ተረከዝም ለዚህም ድንጋይ ያገለግላል። የጉለሌ ልጅ ይህን ሁሉ አጥር ላይ ሆኖ ያያል፤ በማግስቱም በሽቦ ይሠራዋል።

የሽቦ መኪና ከኩሽኔታ የዋህ ነው፤ ማንንም አይጭንም። አካሉ የታጠፈ ሽቦ ወይም የሰርዲን ቆርቆሮ፣ ጎማው ቆርኪ ወይም ከነጠላ ጫማ ሶል በክብ የተቆረጠ ላስቲክ ነው። ዋናው ጥበብ ግን መሪው ላይ ነው። ከፊተኛው ጎማ የሚነሳ ረጅም ሽቦ እስከ ልጁ ደረት ይደርስና ጫፉ ላይ ክብ መሪ ይሆናል። ልጁ ከኋላ እየሮጠ ይነዳል፤ ሞተሩን በአፉ ያስነሳል፤ ማርሹንም በአፉ ይቀይራል። መኪናውን ከሩቅ ማዘዝ እንግዲህ ጉለሌ የደረሰው በሬዲዮ ሳይሆን በሽቦ ነው። ሀብታሙ ልጅ ደግሞ መብራት ይጨምርበታል፦ አንዲት የእጅ ባትሪ አምፖልና ሁለት ድንጋይ። ድንጋይ ስንል ደረቁን ባትሪ ነው። ሲደክም ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ በጥርስ ይነከሳል፤ ጨርሶ ሲሞትም ጥቁሩ ዱቄት ለትምህርት ቤት ሰሌዳ ማጥቆሪያ ይሆናል። ከዚህ የበለጠ ቆጣቢ የኤሌክትሪክ ታሪክ ማግኘት ይቸግራል።

በሬዲዮ የማዘዙ ሐሳብ በሌላው ዓለም የቆየ ነው። ኒኮላ ቴስላ ትንሽ ጀልባ በሬዲዮ ሞገድ እየመራ ኒው ዮርክ ውስጥ ለሕዝብ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1898 ነበር፤ ቤንትሌይ አዲስ አበባ ከመድረሱ በፊት ማለት ነው። ለገበያ የቀረበው የመጀመሪያው በሬዲዮ የሚመራ መኪና ደግሞ፣ የሚገርመው፣ ከጣሊያን ነው የመጣው፦ ሬጆ ኤሚሊያ ከተማ ያለ ኤልጂ የተባለ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1966 ያወጣው፣ ከእውነተኛው አሥራ ሁለት ጊዜ ያነሰ ፌራሪ። ጎማው ከአካሉ የሚያይለው ግዙፍ መኪና፣ ሞንስተር ትራክ የሚሉት፣ አሜሪካዊው ቦብ ቻንድለር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ፎርድ ፒክአፑን ከፍ እያደረገ «ቢግፉት» ካለው በኋላ ነው ዝና ያገኘው። የጃፓኑ ታሚያ እ.ኤ.አ. በ1987 ክሎድ በስተር የሚባለውን ባለ ሁለት ሞተር የኤሌክትሪክ ሞዴል ሲያወጣ፣ ግዙፉ መኪና ወደ ልጆችና ወደ ትልልቅ ልጆች ክፍል ገባ።

ወደ ጉለሌ የመጣው ግን የታሚያው አይደለም፤ በጎረቤት መርካቶ በኩል ያለፈው የቻይናው የሪሞት መኪና ነው። ርካሾቹ አብዛኛውን ጊዜ በ27 ሜጋኸርዝ ስለሚሠሩ፣ ሁለት ተመሳሳይ መኪናዎች አንድ ግቢ ውስጥ ከተገናኙ የአንዱ ሪሞት የሌላውን መኪና ይነዳል፤ ጨዋታው ወደ ጠብ የሚለወጠውም እዚያ ላይ ነው። ዕድሜውም አጭር ነው። የፕላስቲክ ጥርሱ ይበላል፣ የአንቴናው ሽቦ ይበጠሳል፣ ድንጋዩ ያልቃል። ያኔ ካቻቢቴ ይመጣል። የአሻንጉሊቱ ሞተር ወጥቶ ማራገቢያ ይሆናል፤ ከተበላሸ ቴፕ የወጣ ሞተር ደግሞ በተራው መኪናው ውስጥ ይገባል።

ከአሻንጉሊቱ አንድ ደረጃ ከፍ ያለው፣ ክፍሉ ለብቻው ተገዝቶ የሚቀየርለት የሪሞት ጭነት መኪና ሌላ ባህል ነው። ማጎልበት የሚጀመረው ከየት ነው ቢባል፣ በየትኛውም አገር ያሉ አፍቃሪዎቹ አንድ መልስ አላቸው፦ ፋብሪካው ጎማዎቹ ላይ የከተተውን የፕላስቲክ ቀለበት አውጥቶ በኩሽኔታ መተካት። በዚያች አንዲት ሥራ ፍትጊያው ይቀንሳል፣ ባትሪው ይበረክታል፣ ጎማውም መወዛወዙን ይተዋል። ቀሪው፣ የፕላስቲኩን ጥርስ በብረት መለወጥ፣ ካርቦን የሚበላውን ሞተር ካርቦን በሌለው መተካት፣ ሞላውን ማጠንከር፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው። የውጭው ሰው ገንዘብ አውጥቶ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገዛው ማሻሻያ፣ የሽሮ ሜዳ ልጅ በነፃ ለቅሞ የጀመረበት ዕቃ ነው።

ጥገናውም የራሱ የጉለሌ ጠባይ ይኖረዋል። የበጋው አቧራ ኩሽኔታ ውስጥ ገብቶ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ኳሶቹን ይፍቃል፤ ከየጉዞው በኋላ በነጭ ጋዝ አጥቦ፣ አድርቆ፣ ጠብታ ዘይት መስጠት የግድ ነው። ሰፈሩ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍ ስለሚል አየሩ ከባሕር ዳርቻው ሩብ ገደማ ይሳሳል፤ በአየር የሚቀዘቅዝ ትንሽ ሞተርም ዳገት ሲወጣ ቶሎ ይግላል። መድኃኒቱ ሞተሩ ላይ ያለውን ጥርስ ማሳነስ ነው፦ ፍጥነት ይቀንሳል፣ ጉልበት ይጨምራል፣ ሙቀቱም ይበርዳል። ኤንትሬው በአንደኛ ማርሽ ያቃስት የነበረው በዚሁ ሕግ ነው። ለባትሪ ከአሮጌ ላፕቶፕ የሚወጡት፣ 18 ሚሊ ሜትር ስፋትና 65 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያላቸው የሊቲየም ሴሎች ይሆናሉ፤ ነገር ግን እነዚህ እንደ ድንጋዩ ፀሐይ ላይ አይሰጡም፣ በጥርስም አይነከሱም። ይፈነዳሉ።

እጅን በብረት ማፍታታት በዚህ አካባቢ ዘግይቶ ክብር አገኘ። የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት በ1917 ዓ.ም. ሲከፈት፣ ጄኔራል ዊንጌትም በ1930ዎቹ መጨረሻ ሲቋቋም፣ የታሰበው ለቢሮ የሚሆን የተማረ ሰው ነበር። ዛሬ የመጀመሪያው በእንጦጦ ስም፣ ሁለተኛው በራሱ ስም የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ናቸው። የሹማምንት ልጆች ፈረንሳይኛና እንግሊዝኛ ባጠኑበት ግቢ የአሁኖቹ ተማሪዎች የእጅ ሙያ ይማራሉ።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ በሽሮ ሜዳ ዳገት ሳያቃስቱ የሚወጡ መኪናዎች እየበዙ ነው። ባትሪ፣ ሞተር፣ መቆጣጠሪያ፤ ቅንብራቸው ከሪሞት መኪናው ብዙም አይርቅም። ከአምስቱ ዓመት የተወረሰው የጋራዥ መዝገበ ቃላትም ከእነሱ ጋር መሳሳት ጀምሯል። ካንዴላ የላቸውም፣ ካርቡራተር የላቸውም። አራቱ እግሮቻቸው ግን ዛሬም የሚዞሩት በኩሽኔታ ነው።