ስሙ እርሳስ፥ ግብሩ ሌላ፤ ስለ ሞሊብዴናይት አሰያየም

ሞሊብዴናይት የተባለው ማዕድን ሞሊብዴነም ከሚባለው ብረትና ከድኝ የተዋሐደ ነው። ስሙ ግን የተወሰደው ሞሊብዶስ ከሚለው የግሪክ ቃል ሲሆን፥ ትርጓሜው «እርሳስ» ማለት ነው። በማዕድኑ ውሕደት ግን እርሳስ የለበትም። ስሙ ከግብሩ እንዴት እንደ ተለያየ በዚህ አጭር ጽሑፍ እንመረምራለን። ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የስሕተቱ ምንጭ መልኩ ነው። ሞሊብዴናይት እንደ እርሳስ ግራጫ ሆኖ ያብለጨልጫል፤ ሲዳስሱት ቅባት የነካው ይመስላል፤ በጥፍር ይጫራል፤ ጣትንና ወረቀትንም ያጠቁራል። ስለዚህ ሞሊብዴና የሚለው ስም ለዚህ ማዕድን ብቻ ሳይሆን፥ እርሳስ ለሚወጣበት ለጋሌናና ለግራፋይትም ሲሰጥ ኖረ።

በ1754 ስዊድናዊው ቤንግት ኩቪስት ማዕድኑን መርምሮ እርሳስ እንደሌለበት አስታወቀ። ነገሩን አጥርቶ የለየው ግን የአገሩ ሰው፥ መድኃኒት ቀማሚው ካርል ቪልሄልም ሼሌ ነው። ሼሌ በ1778 ሞሊብዴናይትን በናይትሪክ አሲድ ቢያፈላው ነጭ ዱቄት ሆነ፤ ግራፋይት ግን በዚያው አሲድ አልተለወጠም። በነጩ ዱቄት ውስጥ ያልታወቀ ብረት እንዳለ ቢገምትም፥ ለማቅለጥ የሚበቃ ምድጃ ስላልነበረው ሥራውን ለወዳጁ ለፔተር ያኮብ የልም ተወለት። የልምም በ1781 ዱቄቱን ከከሰል ጋር አግሎ ብረቱን አወጣ፤ ሞሊብዴነምም ተባለ። እንግዲህ ስሕተቱ ከታወቀ በኋላ እንኳ አዲሱ ብረት የቀድሞውን ስም ወረሰ።

ሦስቱን ለመለየት አሲድ የግድ አያስፈልግም። ጋሌና ከእኩል መጠን ውሃ 7.5 ጊዜ ያህል ይከብዳል፤ ሲሰበርም እንደ ዛህራ ባለ አራት ማዕዘን ይሆናል። ሞሊብዴናይት 4.7፥ ግራፋይት 2.2 ጊዜ ያህል ይከብዳሉ፤ ሁለቱም በስስ ቅጠል ይላጣሉ። በነጭ የሚያብረቀርቅ ሸክላ ላይ ሲያሰምሩባቸው የሞሊብዴናይት መስመር ወደ አረንጓዴ ያደላል፤ የግራፋይት ግን ጥቁር ነው።

ይህን ስሕተት በሩቅ አገር ብቻ እንዳንፈልገው፥ የምንጽፍበትን እንጨት በአማርኛ «እርሳስ» እንለዋለን፤ ልቡ ግን ግራፋይትና ሸክላ እንጂ እርሳስ አይደለም። ስም የሰው ዓይን አስቀድሞ ያየውን ይነግረናል፤ የነገሩን ባሕርይ የሚነግረን ግን ሚዛንና ጭረት ነው። ስለዚህ በናሙና ላይ ስም ከመለጠፋችን በፊት እንመዝነው፥ እንጫረውም እንላለን።