ፐርሴቬራንስ፦ መገጣጠምና ፍተሻ

1,025 ኪሎ ግራም የሚመዝነው ይህ የማርስ ተሽከርካሪ ሮቦት የተገጣጠመው ካሊፎርኒያ፣ ፓሳዴና ባለው የናሳ ጄት ፕሮፐልሽን ላቦራቶሪ ነው። ሠራተኞቹ ከራስ እስከ እግር ነጭ ለብሰው፣ አየሩ ያለማቋረጥ በሚጣራበት ክፍል ይሠሩ ነበር። የማርስን ጥንታዊ ሕይወት ፍለጋ የሄደ መሣሪያ ከምድር ያጓዘውን ተህዋሲ «አገኘሁ» ቢል ከኪሳራም በላይ ነውር ነውና። ሮቦቱ ከያዛቸው 43 የናሙና ቱቦዎች 5ቱ ለናሙና ሳይሆን ለምስክርነት የተሰናዱ ናቸው፤ ከምድር የተጓዘ ብክለት ካለ በእነሱ ይለያል። በ2019 (እ.ኤ.አ.) ሮቦቱ አየሩ በተመጠጠ ግዙፍ ክፍል ውስጥ የማርስን ብርድ ቀመሰ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር 17 በራሱ ጎማዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ተንቀሳቀሰ። በፌብሩዋሪ 2020 ወደ ፍሎሪዳ ተጓጓዘ፤ ጁላይ 30 በአትላስ 5 ሮኬት ተወነጨፈ።